አርብን የሚጾም ጅብ

አስፈሪ ፊልም ትወዳላችሁ? እኔ አልወድም። ከፍሎ የሚፈራ ሰው ይገርመኛል። እኛ አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን በነጻ ስንፈራ ነው የኖርነው። ጅብ እንፈራለን፣ ወደ ጎረቤታችን ወደ ወገዳ የሚወስደውን መንገድ እንፈራለን፤ ከሁሉ በላይ ግን የሰው ዓይን እንፈራለን። ልጅ አይቶ ያደነቀ ሰው «እትፍ፣ እትፍ» ሳይል ካለፈ እናቲቱ እንቅልፍ የላትም።

ታዲያ አምና ናሆም የሚባል የፊልም ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጣ፤ ስለ ቡዳ ፊልም ሊሠራ። ቀን ብረት ቀጥቅጦ ማታ ጅብ ስለሚሆን ሰው፤ ተረቱን ታውቁታላችሁ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሰው አክባሪ። እኔም የሥነ ዜጋ መምህር ነኝና አገር አሳይ ተብዬ ተመደብኩለት። «ጋሼ፣ የእኔ ፊልም ብዝኃነት አለው፤ ሁሉም ይወከላል» አለኝ። ደስ አለኝ። ክፍል ውስጥ ስንት ዘመን የጮኽኩበት ነገር አይደል? ገበሬው ምን ሆኖ ይወከላል? ተበይ። ካህኑስ? አዳኝ። የእጅ ባለሙያውስ? ጅብ። አይ ውክልና!

ለጅብነት የተመረጡት አያ ሞላ ናቸው፤ የአገሩን ማረሻና ማጭድ የሚሠሩት። ለእሳቸው የተነገራቸው ግን «ካሜራ ፊት ብረት ይቀጥቅጡልን» ብቻ ነው። እኔን ደግሞ ሌላ ጭንቅ ይዞኛል። ልጃቸው ውቢት ለወገዳ ሰው ታጭታለች፤ ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። የሙሽራው አባት አያ ፈንቴ «የቀጥቃጭ ልጅ?» ብለው በስንት ልመና ነው እሺ ያሉት። አንዲት ክፉ ወሬ ጆሯቸው ብትገባ ሰርጉም ሽምግልናዬም ገደል ገባ ማለት ነው።

ቀረጻው በገበያው ቀን ሆነ። ገበያተኛው ከቦ ቆመ። ፊት ላይ ማን ቢቆም ጥሩ ነው? አያ ፈንቴ፣ ከነአህያቸው።

አያ ሞላ ወናፋቸውን አስነፍተው ቀጠቀጡ። ደስ ብሏቸዋል። ወዲያው ናሆም ጥሬ ሥጋ አምጥቶ «አሁን ደግሞ ይኼን እንደ ጅብ ይንከሱልኝ» አላቸው። ያን ጊዜ ነገሩ ገባቸው። ሥጋውን አዩት፣ ልጁን አዩት።

«ልጄ፣ ዛሬ እኮ አርብ ነው። ጅብም ብሆን እጾማለሁ።»

ሰው በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም። አያ ፈንቴም አልሳቁም።

የባሰው ቀጥሎ መጣ። በእኛ አገር ቡዳ በላው የተባለ ሰው ይታጠናል። ሲታጠን ይለፈልፋል፤ «ማን ነህ?» ሲባል የበላውን ሰው ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራ ሰው አለቀለት፤ ይግባኝ እንኳ የለውም። ናሆም ሆዬ «እውነት እንዲመስል» ብሎ ተበይዋ የምትጠራውን ስም ሞላ ብሎታል! ሮጬ ሄጄ «ስሙን ቀይረው» ብዬ ብለምነው «ጋሼ፣ ፊልም እኮ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ቡዳ በወዳጁ ይጠናል የሚባለው ለካ እውነት ነው።

ተበይዋን የምትጫወተው ትርንጎ ናት፣ የጤና ጣቢያችን ነርስ። ወደቀች፣ ተንፈራገጠች፣ ታጠነች። ካህን የሆነው ተዋናይ «ተናገር! ማን ነህ?» ብሎ አንባረቀ። ገበያተኛው አንገቱን አሰገገ። ትርንጎ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አያ ሞላን አየቻቸው። ከዚያ አገር እስኪሰማ ጮኸች።

«ናሆም ነኝ! ከአዲስ አበባ የመጣሁት ናሆም!»

እፎይ! የዚያን ቀን የተነፈስኩትን ትንፋሽ ከዚያ በፊት የት አስቀምጬው እንደነበር እንጃ። ሰው ሁሉ ወደ ናሆም ዞረ። አንዲት እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ «ካት! ካት!» እያለ ሲዘል አንዱ «አያችሁ፣ ጭሱ ሲያቃጥለው!» አለ። አያ ፈንቴ ጠጋ አሉኝና «መምህር፣ ሰርጉ እንዳለ ነው። ቡዳው ተገኝቷል» አሉኝ። ምን ልበላቸው? እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

ከቀትር በኋላ ናሆምን ይዤ ምሳ ቤት ገባሁ። በላተኛው ሁሉ ሰሃኑን ከለለ። ባለቤቲቱ ሽሮውን ፊቷን አዙራ አስቀምጣለት ሄደች። «ጋሼ፣ ቡዳ አይደለሁም በልልኝ እንጂ!» አለኝ። ነገርኳቸው። «ቡዳም እንዲሁ ነው የሚለው» አሉኝ። ልጁ አንገቱን ደፋ። እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በላው።

ይኼኔ አያ ሞላ ገቡ። እጃቸውን ታጠቡና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። ከሰሃኑ ቆርሰው ጎረሱ፤ እሱንም አጎረሱት።

«ብላ ልጄ፣ አይዞህ። እኛን ደግሞ ማን ይበላናል?»