በስልክ የተጠየቀች ሙሽራ

ሰው ማማት ኃጢአት ስለሆነ ይህን ምክር ብላችሁ አንብቡልኝ። ከሀገሬ ርቄ አምቦ ከገባሁ ወዲህ እንደ መሥሪያ ቤታችን ገመቹ ትምህርት ዘልቆት የገባ ሰው አላየሁም። አዲስ አበባ እየተመላለሰ በቢዝነስና በቴክኖሎጂ ስትራቴጂ ማስተርሱን ከያዘ በኋላ፣ «ኔትወርክ ባለበት በመካከል የሚገባ ሰው ትርፍ ነው!» ማለት አመጣ። ቅዱሳን አማላጆቼን እንዳይቀንስብኝ አማተብኩ።

ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሚወዳት ልጅ የምትኖረው ካቺሲ ከተማ ነው፤ ሽማግሌ በመላክ ፈንታ ለአባቷ ለኦቦ ዲንቃ በሞባይል ጻፈላቸው።

«ልጅዎን ለትዳር እፈልጋለሁ። ሽማግሌ ጊዜ ስለሚፈጅ መልሱን በዚሁ ይላኩልኝ።»

መልሱ ሲመጣ ደስ ብሎት እኛው ፊት ጮክ ብሎ አነበበው።

«መርቀን ሰጥተንሃል። ልጅቷንም በዚሁ ስልክ ልከናታል፤ ካልደረሰችህ ኔትወርክ ነው።»

ቢሮው በሳቅ ተናጋ። የገመቹ ዓይን ግን እንባ አቀረረ። ማምሻውን እኔና ባለቤቴ እቤት ሳለን በር ላይ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ፣ ጋሼ ቅዳሜ ካቺሲ ሄደው ሽማግሌ ቢሆኑልኝ?»

«በመካከል የሚገባ ሰው ትርፍ ነው አላልክም?»

«ጋሼማ በመካከል የሚገቡ አይደሉም፤ አንቴና ናቸው!»

ባለቤቴ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ፣ «በይ ለቅዳሜ ጋቢዬን እጠቢልኝ፤ እድፋም አንቴና አይስብም» አለ።