ሳይቀምሱ የቆሙ ሽማግሌዎች

እንግሊዝ አገር ወይን ይበቅላል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር። ለንደን ሠላሳ ዓመት ስኖር ፀሐይን ያየኋት አራት ጊዜ ነው፤ ሁለቱን ጊዜ እሷ እኔን አላየችኝም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ታዲያ ወይኑ በምን ይበስላል? ግን ይበቅላል። ከክሮይደን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ስትሄዱ ኮረብታው ሁሉ ወይን ነው። ብርዱን ፈርቶ ተቃቅፎ ቆሟል።

እኔ የሄድኩት ልጠጣ አይደለም፤ ሽማግሌ ተልኬ ነው። ዮናስ የሚባል ኤሌክትሪሻን የሰፈራችን ልጅ፣ ኤማ የምትባል የወይን ገበሬ ልጅ ወደደ። ሁለቱ ተስማምተው ጨርሰዋል። ደሴ ያለችው እናቱ ግን፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ አባቷ በአፉ እሺ ሳይል አልመርቅም አለች። ዮናስ ፊንስበሪ ፓርክ አግኝቶኝ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ጋሼ፣ እማዬ ካልመረቀች ሠርጉ ቀረ አለኝ። እናም ሦስት ሆነን ተነሳን፦ እኔ፣ የኤድመንተኑ በላይነህ (ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው) እና መምሬ ተክሌ። ሙሽሮቹ ለንደን ቀርተው ስልክ ይጠብቃሉ። አባትየው ስለ ጋብቻው ምንም አልሰማም፤ የምንነግረው እኛ ነን።

ሕጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ተቀመጥ ሲባል አይቀመጥም፤ ጠጣ ሲባል አይቀምስም። ባለቤቱ ምን እግር ጣላችሁ ብሎ እስኪጠይቅም አፉን አይከፍትም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ይባል የለ?

ችግሩ፣ ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ ለካ ሰው ቀድሞ ቦታ ቡክ እያደረገ ወይን ሊቀምስ ይመጣል። የኤማ አባት፣ ቀይ ፊት ያለው ደግ ሰውዬ፣ ከቀማሾቹ ቆጥሮን ታዲያ ምን ብሎ ይጠይቀን? ሦስት ብርጭቆ ነጭ ወይን ቀዳልን። ቆምን። በላይነህ ነጠላውን አስተካከለ። ሰውዬው አልወደዱትም ብሎ ቀዩን ከፈተ። ቆምን። ሦስተኛ ጠርሙስ አመጣ። ልናገር ይሆን ብዬ መምሬን ባማክራቸው፣ ዝም አይነቅዝም፣ አርፈህ ቁም አሉኝ።

ከኋላችን ሃያ የሚሆኑ እንግዶች (መቶ ብላቸው ደስ ይለኛል) ወይኑን ያሸታሉ፣ ይጉመጠመጣሉ፣ ባልዲ ውስጥ ይተፋሉ፤ የወይን ቀማሽ ወጉ ነው አሉ። ከወይኑ ጋር በሃይማኖት የተጣላን የሚመስል አቋቋማችንን ሲያዩ፣ እነዚህማ የሚያውቁት ነገር አለ ብለው ብርጭቋቸውን አንድ በአንድ አስቀመጡ። ሰውዬውን ላብ አጠመቀው። ጓዳ ገብቶ አቧራ የለበሰ ጠርሙስ እንደ ሕፃን ታቅፎ መጣ። ለገዛ ወንድሜም አልከፈትኩት አለን። ቀዳ። ቆምን።

«እናንተ ሰዎች» አለ በመጨረሻ፣ ጠርሙሱን አስቀምጦ፣ «ምን ፈልጋችሁ ነው የመጣችሁ?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ልጅዎን ኤማን ለልጃችን ለዮናስ እንዲሰጡን ልንለምን ነው።»

ሰውዬው ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን ጠረገ። ዮናስን ያውቀዋል፤ የቤቱን መብራት የሠራለት እሱ ነው።

«እሷ እሺ ካለች እኔም እሺ» አለ። «አሁን ግን ስለ እግዚአብሔር ቅመሱልኝ።»

በላይነህ እዚያው ደሴ ደወለ። ከስልኩ የወጣው እልልታ የእርሻውን ወፍ ሁሉ አስበረገገ። እኛም ተቀመጥን፣ ብርጭቆ አነሳን፣ ጠጣን።

ወገኖቼ፣ ያን ወይን ሎሚ ቢቀምሰው ፊቱን ያጨማድዳል። የመምሬ ጺም ሲጠቀለል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። በላይነህ በዓይኑ ባልዲውን ሲፈልግ በክርኔ ጎሸምኩት። ዘመድ ሆነናል፤ የዘመድ ወይን ይተፋል እንዴ? አራቱንም ዓይነት ጨረስን። ሰውዬው እንዴት ነው ሲለን፣ መምሬ ረጅም ጊዜ አስበው ኃይለኛ ነው አሉት። ስንጨርስ ያየ እንግዳ ሁሉ በካርቶን ገዛ።

ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቅመስ የተባለው ለክብር ነው ሲሉኝ ኖሬያለሁ። የምን ክብር? አባቶቻችን ቢያውቁ ነው። ቀድመን ቀምሰን ቢሆን ኖሮ፣ ኤማን ሳንጠይቅ በመጀመሪያው ባቡር እንመለስ ነበር።