ዋስ ያላት ድመት

ድመት ሻጭ ገጥሞዎት ያውቃል? በሬ ሻጭ ቢዋሽ በሬው ራሱ ቆሞ ይመሰክርበታል። ድመት ሻጭ ግን የሚሸጠውን በኬሻ ቋጥሮ ስለሚዞር እንደ ልቡ ያወራል።

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ጸሐፊ ሳለሁ አይጥ መዝገቤን እየቆረጠመ ቢያስቸግረኝ ገበያ ወጣሁ። ዲንሳ የሚባል የአርጆ ሰው ከኬሻው አንዲት ግራጫ ድመት አወጣልኝ። ዓይኗ ዓይናር ሞልቶታል፣ አፍንጫዋ ይፈስሳል፣ ጠጉሯ ግን በቅቤ ታሽቷል።

"ለምንድን ነው የምታስነጥሰው?" አልኩት።

"አይጥ ሲሸታት ነው፣ ኦቦ። እዚህ ተቀምጣ እዚያ ሩቅ ያለው የኪራሙ አይጥ ይሸታታል።"

"ታዲያ ለምን አትራመድም?"

"ጨዋ ቤት ያደገች ናት። ትልቅ ሰው ሳያሰናብታት አትሄድም።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ጥሎ ይሄድ ነበር። እኔ ግን የማምነው ከዓይኔ ይልቅ ወረቀት ነውና፣ ለበቅሎ እንደሚደረገው ዋስ ጠየቅሁ። ዲንሳ ጎረቤቱን ዋስ ጠራ። "አይጥ ባትይዝ ገንዘቡን እመልሳለሁ" የሚል ውል ራሴ ጻፍኩ፤ ሁለቱም የጣት አሻራቸውን አሳረፉበት። ውሉን ከመዝገቡ ጋር ሳጥን ውስጥ ከተትኩ፤ ድመቲቱን ሳጥኑ ላይ አስቀመጥኩ።

በሳምንቱ አይጡ መዝገቡን ትቶ ውሉን በላው። ዲንሳን ከስሼ ድመቲቱን ታቅፌ ዳኛ ፊት ቀረብኩ።

"ውሉ ማን ዘንድ ነበር?" አሉ ዳኛው።

"እኔ ዘንድ።"

"ማን በላው?"

ድመቲቱ ደረቴ ላይ አስነጠሰች።

"ይኸው ጌታዬ፣ አይጡ ሸተታት" አለ ዲንሳ እጅ ነሥቶ።

ችሎቱ በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ።