ሳይለመኑ መናገር

እስካለፈው የካቲት ድረስ በአሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ የሚገኘው የመረዳጃ ማኅበራችን የዴሞክራሲ ይዞታ የሚከተለው ነበር። አባላት፦ አርባ ሦስት። ከእነዚህ ውስጥ ሥልጣን የማይፈልጉ፦ አርባ ሦስት። በመንግሥታት ታሪክ እንዲህ ያለ ንጽሕና መኖሩን አላውቅም። ሌሎች አገሮች የሥልጣን ጥመኛን ለመግታት ሕገ መንግሥት፣ ፍርድ ቤትና ጋዜጣ ያስፈልጋቸዋል፤ እኛን ይሉኝታ ብቻውን በቅቶናል።

አሠራራችን ቀላል ነው። አንድ ሰው ሲጠቆም «ኧረ ለእኔ አይገባም፣ ከእኔ የተሻሉ አሉ» ይላል። ይለመናል። «የሥራዬ ሁኔታ አይፈቅድም» ይላል። ይለመናል። ሦስተኛ ጊዜ ሲለመን አንገቱን ደፍቶ «እንግዲህ ስለ እናንተ ስል» ይላል፤ ይጨበጨባል። በመጀመሪያው ጥያቄ «እሺ» ያለ ሰው እስከዚያ የካቲት ድረስ አልተገኘም ነበር። ሊቀ መንበራችን አቶ ዳኛቸው በዚህ ሥርዓት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥልጣን እምቢ እያሉ ገዝተውናል።

በዚያው በየካቲት የአውቶቡስ መሥሪያ ቤቱ ከአፓርትመንቶቻችን ፊት ለፊት ያለውን ማቆሚያ ለማንሣት ማሰቡን የሚገልጽ ማስታወቂያ ምሰሶው ላይ ለጠፈ። አጠገቡ ያለው የሶፋ መደብር የፓርኪንግ መግቢያውን ማስፋት ፈልጓል። ከውሳኔው በፊት ግን ሕዝቡ ይደመጣል፤ ለአንድ ተናጋሪ ሦስት ደቂቃ።

ወሬውን ለማኅበሩ ያመጣችው አጸደ ናት። አጸደ ዳውንታውን፣ መሀል ከተማ ባለ ሆቴል ውስጥ አልጋ የምታነጥፍ፣ መኪና የሌላት፣ ድምፅዋ ግን ከሞተር የማይተናነስ ሴት ናት። ማቆሚያው ከተነሣ ቀጣዩ ከአንድ ማይል በላይ ይርቃል፤ የጠዋት ፈረቃዋ ላይ አትደርስም። እየደጋገመ የሚያረፍድ ደግሞ ከሆቴሉ ይሰናበታል።

አስቸኳይ ስብሰባ ግሪን ቫሊ ራንች ሰፈር በሚገኘው የአቶ ዳኛቸው ቤት፣ ቤዝመንት (ምድር ቤቱ) ውስጥ ተጠራ። አውቶቡስ ለመታደግ ሁላችንም በመኪና ሄድን፤ መኪና የሌለን በሰው መኪና ተጭነን።

«ይህ ማቆሚያ የህልውናችን ጥያቄ ነው!» አሉ አቶ ዳኛቸው፣ አውቶቡስ ከተሳፈሩ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው። «ማን ይወክለን?»

«እኔ እናገራለሁ» አለች አጸደ።

ወይዘሮ ፀዳል የሴቶች ጉዳይ ኃላፊ ናቸውና ደረታቸውን ይዘው «ውይ!» አሉ። «ማን ለመነሽ፣ ልጄ?»

«ማንም። ከሥራ የምባረረው እኔ ነኝ።»

«እሱማ ነው። ግን እንዲህ ዘሎ ጥልቅ ይባላል?»

«ታዲያ ስንት ጊዜ ልለመን?»

«ወጉ ሦስት ነው» አሉ የማኅበሩ ጸሐፊ አቶ ጳውሎስ። «አንቺ ግን አንዴም አልተለመንሽ።»

«ይለምኑኛ!»

«በጥያቄ ከተለመንሽማ ምኑን ልመና ሆነ?»

ጉዳዩ በመርሕ ደረጃ ተመረመረ። አንድ ሰው ለመናገር መፈለጉ ራሱ የግል ጥቅም ማስረጃ መሆኑ ታመነበት። የአጸደ ጥቅም ደግሞ ምስክር አላስፈለገውም፤ አውቶቡሱን በየቀኑ ትሳፈራለች። ስለዚህ በጥቅም ግጭት ምክንያት ከዕጩነት ተሰረዘች። ከአውቶቡስ ጋር ምንም ዓይነት ንክኪ የሌላቸው አቶ ዳኛቸው ብቸኛው ገለልተኛ ሰው ሆነው ተገኙ።

አቶ ዳኛቸው እምቢ አሉ። ተለመኑ። እምቢ አሉ። ሦስተኛውን ልመና በወይዘሮ ፀዳል የሚመራ አግባቢ ኮሚቴ እንዲያቀርብ ተወሰነ። ኮሚቴው በደረጃው ወደ ሳሎን ወጣ፤ እንደ ሽማግሌ የቤዝመንቱን በር አንኳኩቶ ተመልሶ ወረደ፤ ድንጋይ ስላልተገኘም የአቶ ዳኛቸውን ዳምቤል፣ የስፖርት ክብደት ማንሻቸውን፣ ትከሻው ላይ አድርጎ እግራቸው ሥር ተንበረከከ።

«እንግዲህ ስለ እናንተ ስል» አሉ አቶ ዳኛቸው፣ ዳምቤሉን በክብር እየተቀበሉ።

ሕዝቡ በሚደመጥበት ዕለት አርባ ሦስታችንም የመሥሪያ ቤቱን አዳራሽ ሞላነው። አጸደ ከወይዘሮ ፀዳል ጎን ተቀምጣለች፤ ዝም እንድትል በአብላጫ ድምፅ ተወስኖባታል። የቦርዱ ሰብሳቢ፣ መነጽሯን በገመድ ያንጠለጠለች አሜሪካዊት፣ የመጀመሪያውን ስም ጠራች።

«ሚስተር ዳኛቸው፣ ይናገሩ።»

አቶ ዳኛቸው ወደ ማይክሮፎኑ ሄዱ፤ ከረባታቸውን አስተካከሉ፤ እንደ ጨዋ ሰው ዙሪያቸውን ቃኙ። ከኋላቸው አንድ ሽበታም ሰው ተራውን ይጠብቃል።

«ኧረ እሳቸው ይቅደሙ» አሉ በጠራ እንግሊዝኛ።

«ጊዜዎን ለእሳቸው ሰጡ ማለት ነው?»

«በደስታ!»

አሁን ሰብሳቢዋ «የለም፣ የለም፣ እርስዎ ይናገሩ» እንድትል ጠበቁ። እኛም ጠበቅን። ሰብሳቢዋ ግን «በጣም እናመሰግናለን» አለችና ሰዓቱን አስጀመረች።

ሽበታሙ ሰው የሶፋ መደብሩ ጠበቃ ነበር። የራሱን ሦስት ደቂቃና የእኛን ሦስት ደቂቃ አንዷን ሳያባክን ተጠቀመባቸው። ሶፋ የሚገዛ ሰው በአውቶቡስ እንደማይመጣ፣ ማቆሚያው ለማንም እንደማይጠቅም በሥዕል እያስደገፈ አስረዳ። በመጨረሻ ወደ አቶ ዳኛቸው ዞሮ፣ በሠላሳ ዓመት የጥብቅና ሕይወቱ እንዲህ ያለ ቅን ተቃዋሚ አጋጥሞት እንደማያውቅ መሰከረ። አጨበጨብን። ጨዋነታችን በአደባባይ ሲመሰከርልን የመጀመሪያው ነበር።

«ሌላ መናገር የሚፈልግ አለ?» አለች ሰብሳቢዋ።

አርባ ሁለታችን መሬት መሬቱን አየን። ገና የመጀመሪያው ጥያቄ ነበርና።

«አለ!» አለች አጸደ። ወይዘሮ ፀዳል ቀሚሷን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቀሚሱ ቀደማቸው።

«ማንን ነው የሚወክሉት?» አለች ሰብሳቢዋ።

«ማንንም። ራሴን ነው። እዚያ ምሰሶ ሥር በብርድ ቆሜ አውቶቡስ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ካነሣችሁት ሥራዬን አጣለሁ።» ወደ ጠበቃው ዞረች። «አንተ ደግሞ፣ ሶፋ የሚገዛ በአውቶቡስ አይመጣም ነው ያልከው? ቤቴ ያለውን ሶፋ ከእናንተ ነው የገዛሁት። መደብራችሁን ያየሁትም አውቶቡሱ ሲዘገይብኝ ነው!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ፤ ጠበቃውም ሳይወድ ፈገግ አለ። ሁለት ደቂቃ የሚሆን ጊዜ ተርፏት ተቀመጠች። ቦርዱ ተንሾካሾከ፤ ከዚያም ማቆሚያው ባለበት እንዲቆይ፣ መደብሩም መግቢያውን በሌላው በኩል እንዲያሰፋ ወሰነ።

በሚቀጥለው እሑድ ማኅበራችን እዚያው ቤዝመንት ውስጥ ሁኔታውን ገመገመ። ድሉ የአመራሩ የትዕግሥት ፍሬ መሆኑ ተረጋገጠ፤ አቶ ዳኛቸውም የማኅበሩን ክብር ያለ አንድ ቃል በማስጠበቃቸው ተመሰገኑ። ቀጥሎ የአጸደ ጉዳይ ቀረበ፦ ሳትለመን ተናግራለች፤ በዚያ ላይ በመጀመሪያው ጥያቄ።

«ማቆሚያው ግን አልተነሣም እኮ!» አለች አጸደ።

«አለመነሣቱንማ ማን ተቃወመ?» አሉ አቶ ጳውሎስ። «የምናወግዘው አካሄዱን ነው።»

«እሺ አውግዙ» አለች እየሳቀች። «ቶሎ በሉ ብቻ፤ ነገ ጠዋት ሥራ ገቢ ነኝ።»

ውግዘቱ በአርባ ሁለት ድምፅ ጸደቀ። ሰኞ ማለዳ ከዚያ ማቆሚያ አሥራ አንድ ሰው ተሳፈረ፤ ዘጠኙ ለውግዘቱ እጃቸውን ያወጡ ነበሩ።