ለኢታንግ መንገድ የታሰረ ነጭ ሽንኩርት

ሰው ብቻውን መንገድ ሲወጣ «መልካም መንገድ» ተብሎ ይሸኛል። ሕፃን ታቅፎ ሲወጣ ግን ምክር ይጫንበታል። ልጅ በያዘ ሰው ላይ የማይሠለጥን የለም። ከጢሙ በቀር ምንም ያላሳደገ ጎረምሳ ሳትጠይቁት ጠጋ ይልና «አንገቷን ደግፋት እንጂ!» ይላችኋል። ጋምቤላ ደግሞ ምክሩ በአንድ ቋንቋ አያልቅም፤ በአኙዋክኛ ይጀምርና በኑዌርኛ አልፎ በአማርኛ ይደርሳችኋል። ቋንቋው ባይገባችሁም አትቸገሩ፤ መልእክቱ «አያያዝ አታውቅበትም» ነው።

እኔና ባለቤቴ ትርንጎ ይህን ምክር ለመስማት ስድስት ዓመት ጠብቀናል። በስድስት ዓመቱ ቤዛ ተወለደች። አምስት ወር ሲሞላት የድሮ ወዳጆቻችንን ኦጁሉንና ሚስቱን አሪየትን ልንጠይቅ ኢታንግ ለመሄድ ቆረጥን። ጉዞው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ለመቁረጥ የፈጀብን ግን አምስት ወር ነው።

ለምን እንደፈጀብን ልንገራችሁ። ኦጁሉና እኔ ጋምቤላ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምር ነበር፤ እሱ ሒሳብ፣ እኔ ሳይንስ። አሪየት ጤና ረዳት ናት። የተጋባነው በአንድ ዓመት ነው፣ የተከራየነው በአንድ ግቢ ነው፣ ልጅ ያጣነውም አብረን ነው። ሁለቱ ሴቶች በየወሩ አንዷ የሌላዋን ፊት አይታ ነገሩን ታውቅ ነበር፤ መጠያየቅ አያስፈልጋቸውም። ክልል የሆንን ሰሞን፣ ቢሮው ሁሉ አዲስ ታፔላ ሲሰቅል፣ ኦጁሉ ኢታንግ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተሾመና ተላቅሰን ተለያየን። ትርንጎ ያረገዘችው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤዛ ስትወለድ ኦጁሉ በመጣው መኪና ሁሉ ሰላምታ ላከ፤ አንድ ጊዜም የደረቀ ዓሣ ላከ። አሪየት ግን አልመጣችም። እኛም ልጅቷን ይዘን አልሄድንም። ሁለታችንም በጭቃው አመካኘን። የኢታንግ መንገድ በክረምት ክፉ መሆኑ እውነት ነው፤ ያም ሆኖ የስንቱን ሰው ገመና እንደሸፈነ ቢጠየቅ ብዙ ይናገር ነበር። አብሯችሁ ባዶ እጁን የተቀመጠ ወዳጅ ፊት እጃችሁ ሞልቶ መቅረብ ያሳፍራል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከዚያ ጭቃው ደረቀና ምክንያታችንን ይዞብን ሄደ። «አሁን ከቀረን ለዘላለም ቀረን ማለት ነው» አለች ትርንጎ።

አማቴ እማማ ደብሪቱ ከደብረ ማርቆስ አራስ ሊያርሱ መጥተው፣ ሙቀቱን በየቀኑ እየረገሙ በዚያው የከረሙ ሴት ናቸው። በመነሻችን ጠዋት ቤዛን ሲያለባብሱ፣ በጥቁር ጨርቅ የሰፏትን ትንሽ ከረጢት አንገቷ ላይ አሰሩላት። ውስጧ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም አለ።

«ለመንገዱ ነው» አሉ ለእኔ። ቀጥለው ለልጃቸው፣ እኔ ያልሰማሁ መስዬ በሰማሁት ድምፅ፣ «እዚያ ቤት ስትገቢ ፊቷን አታጋልጪ። ሴትዮዋ ክፉ ናት አላልኩም። ግን ለልጅ የጓጓ ሰው ዐይን ለባለቤቱም አይታዘዝም። ጠርጥር፣ ከገንፎም ይኖራል ስንጥር» አሏት።

ትርንጎ ከረጢቷን አልፈታችም። እኔስ? እኔማ በሽታ ከጀርም እንደሚመጣ ለሰባተኛ ክፍል ስምንት ዓመት ሙሉ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። «ቢኖር ምን ይጎዳል?» አልኩ በልቤ። ሳይንሴ የልጄ አንገት ጋ ሲደርስ አለቀ።

በቆሎ የጫነ አይሱዙ አገኘን። እናትና ልጅ ጋቢና ገቡ፣ እኔ ከጆንያዎቹ ጋር ከላይ ወጣሁ። አማቴ ቤዛን ያለበሷት ለደብረ ማርቆስ ብርድ ነው፤ ሹራብ፣ በላዩ ፎጣ፣ በላዩ ነጠላ። ሾፌሩ በየመንደሩ ሲቆም ሴቶች በመስኮት ብቅ እያሉ፣ ቋንቋ በማይፈልግ የእጅ ምልክት፣ «ግለጫት» ይሏታል። ትርንጎ ፈገግ ትልና ይበልጥ ትሸፍናታለች። ኢታንግ ስንደርስ እኔ አቧራ፣ ልጄ ላብ ለብሰን ወረድን።

ኦጁሉ ከሩቅ አይቶን ሮጠ። ሹመት አልለወጠውም፤ ከፍ ያለው ሆዱ ብቻ ነው። ቤዛን ከነጥቅልሏ ተቀብሎ «ያን ሁሉ ዓመት ያስጠበቅሽን አንቺ ነሽ?» አላት። አሪየት ትርንጎን አቅፋ አለቀሰች፤ እኔን በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ልጅቷን ግን ቀና ብላ አላየቻትም። እጇን በቀሚሷ ጠራረገችና «ውሃ ላምጣ» ብላ ወደ ቤት ገባች።

ቅናት መሰለኝ። ሰው እንዲህ ነው፣ የራሱን ጥርጣሬ ተሸክሞ ይመጣና የሰውን ፊት ያነባል። አንድ ነገር ያስታወስኩት ቆይቼ ነው። ያኔ ጋምቤላ ሳለን አሪየት የአንዲት ጎረቤታችንን ሕፃን ታቅፋ ስትጫወት፣ እናትየዋ መጥታ «እንቅልፉ መጥቷል» ብላ ከእጇ ወሰደችው። ልጁ አልተኛም። ግቢው ውስጥ ሲያለቅስ ዋለ፤ አሪየትም ስትሰማው ዋለች። ከዚያ ወዲህ ክሊኒክ ውስጥ ሕፃን ስትመዝንና ስትከትብ ትውላለች፣ ከክሊኒክ ውጭ ግን የሰው ልጅ አትነካም።

ግቢያቸው ውስጥ ባለው ማንጎ ጥላ ሥር ምሳ ቀረበ፤ የባሮ ዓሣ በበቆሎ ገንፎ። እኔ በበኩሌ ስንጥር አላገኘሁበትም። ወሬው ግን አልፈስ አለ። በአንድ ግቢ የኖርን፣ ጨው ስንበዳደር የከረምን ሰዎች፣ ስለ መንገድ ጥገና ተወያየን። ኦጁሉ የወረዳውን እቅድ አብራራ። እኔ ጥያቄ ጠየቅሁ። ይህ ምሳ እንዲህ እንደሆነ ካለቀ ዳግመኛ እንደማንገናኝ ገባኝ። ጠብ ቢሆን ሽማግሌ ይገባበታል። ትሕትናን ማን ያስታርቀዋል?

ቤዛ ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው። ትርንጎ ጡት ሰጠቻት፣ እምቢ። ኦጁሉ አፏጨላት፣ እምቢ። እኔ አቅፌያት ግቢውን ዞርኩ፣ ጭራሽ ባሰባት። ፊቷ በርበሬ መሰለ። አሪየት ሁለት እጇን በጉልበቶቿ መሃል አጣብቃ፣ መሬት መሬት እያየች ተቀምጣለች። ልጅቷ ምን እንደሚያስፈልጋት ከሁላችንም በላይ ታውቃለች፤ ግን ማን ንገሪን አላት?

ትርንጎ የአሪየትን እጆች አየቻቸው። መጥታ ቤዛን ከእኔ ተቀበለችና አሪየት ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

«እኔ አልቻልኳትም። አንቺ ያዢያት።»

አሪየት አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ እጆቿ ሥራ ጀመሩ። ነጠላው ተነሳ፣ ፎጣው ተነሳ፣ ሹራቡ ወለቀ። ከረጢቷ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። በዙሪያዋ የልጅቷ አንገት በሽፍታ ቀልቷል። አሪየት ከረጢቷን ፈትታ አሸተተቻት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ለወባ ትንኝ ነው» አልኩ። ማን ጠየቀኝ?

«ቲቸር» አለችኝ አሪየት ረጋ ብላ፣ «እኔ ወባ ብዙ ዓመት አከምኩ። ትንኝ ነጭ ሽንኩርት ይፈራል ብሎ ያስተማረኝ የለም።»

ኦጁሉ ማንጎውን ቀና ብሎ ያይ ጀመር። ማንጎው ፍሬ አልነበረውም።

«እናቴ ናት ያሰረችው» አለች ትርንጎ። «አንቺን ፈርታ ነው። እኔም እያወቅሁ አልፈታሁትም። አሪየት፣ እኔ እኮ አፈርኩሽ፤ በራሴ አፈርኩ።»

አሪየት ተነስታ ሳፋ ውስጥ ውሃ ቀዳችና ቤዛን እስከ ወገቧ ነከረቻት። ለቅሶው ቀጥ አለ። ልጅቷ ውሃውን በእግሯ መታችው፣ ደነገጠች፣ እንደገና መታችው፣ ሳቀች። አሪየት አንገቷን ቀስ እያደረገች አጠበችላት፣ አደረቀቻትም። ከዚያ ከረጢቷን አንስታ ለትርንጎ ዘረጋችላት።

«እሰሪላት።»

«ለምን?»

«እዚህ አገር ልጅ ትኩሳት ይይዘዋል። ዛሬ ባይሆን ነገ ይይዛታል። ይሄ ካልታሰረ የእኔ ስም ይጠራል። ከታሰረ ወባ ነው ትላላችሁ፣ ወደ ክሊኒክ ትመጣላችሁ።»

ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ ብዙ ባለሥልጣን ሲናገር ሰምቻለሁ፤ ይህን ያህል ጥርት ያለ አማርኛ ግን አልገጠመኝም። አንገቴን ደፋሁ። ትርንጎ ከረጢቷን ተቀበለች፤ በመዳፏ ጨበጠቻት እንጂ ልጅቷ አንገት ላይ አልመለሰቻትም።

እኔና ኦጁሉ የመመለሻ መኪና ፍለጋ ወደ ገበያው ወጣን። ስንመለስ ሁለቱ ሴቶች እንባቸው እስኪወርድ ይስቃሉ፤ ቤዛ አሪየት ደረት ላይ ራቁቷን ተኝታለች። «ምንድነው?» ብንል «አያገባችሁም» ተባልን። ደስ አለኝ፤ ድሮም እንዲህ ነበር የሚመልሱልን። የመንገዱ ጥገና ጉዳይም ሳይነሳ ቀረ።

ጋምቤላ ስንገባ እማማ ደብሪቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። በስስ ጨርቅ ብቻ የተሸፈነች ልጅ ተቀበሉ። እጃቸው መጀመሪያ የሄደው አንገቷ ጋ ነው።

«ከረጢቷስ?»

«ለአሪየት ሰጠኋት» አለች ትርንጎ። «ክንዷ ላይ አሰርኩላት።»

«ለእሷ? እሷን ከምን ሊጠብቃት?»

«ከሰው ዐይን ነዋ፣ እማዬ። ቤዛን እስከ ዛሬ በክፉ ያያት የለም። አሪየትን ግን ስንት ዓመት፣ ስንት ሰው። እኔም ተጨምሬበት።»

አማቴ ልጅቷን እንደታቀፉ ቆሙ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ያለቅሳሉ ብዬም ጠበቅሁ። ስድስት ዓመት አማቴ ሆነው ገና አላወቅኋቸውም።

«ክንዷ ላይ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እኮ የሰፋሁት በሕፃን ልክ ነው። ለትልቅ ሰው ክሩ ያጥራል፤ ይጠብቅባታል።»

ልጅቷን ለእኔ አቀበሉኝና መርፌያቸውንና ጥቁር ጨርቃቸውን ፍለጋ ወደ ጓዳ ገቡ።