እትዬ ማፑሌንግ መዝሙር ሲያነሱ

ሰባኪ ሰይጣንን ይፈራል የሚል ሰው ሰብኮ አያውቅም። ሰባኪ የሚፈራው ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጡትን ባልቴት ነው። በየአጥቢያው አንዲት አይጠፉም፤ የእኛዋ የሌሪቤዋ ግን የስብከት ሁሉ የበላይ ዳኛ፣ ክብርት እትዬ ማፑሌንግ ናቸው።

እኛ ባሶቶዎች ስብከት ሲረዝምብን አናዛጋም፤ መዝሙር እናነሳለን። አንዱ ካነሳ ሁሉም ይቀበላል፣ ሰባኪውም አፉን እንደከፈተ ይቀራል። እትዬ ማፑሌንግ የቤተ ክርስቲያኑን የሴቶች ማኅበር ቀይ ሸሚዝ ለብሰው ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ስንቱ ሰባኪ ወደ አሜን ሮጧል! መምህር ሴጻባን ኖኅ መርከቡን ሳይጨርስ አስቀምጠውታል። ከዋና ከተማው ከማሴሩ የመጣውን ባለ ከረባት ሰባኪ ደግሞ ሦስተኛውን «በመጨረሻም» ሲል በእልልታ ሸኙት።

ለምን ሲባሉ፣ «ገንፎው በስሏል፤ እሱ ገና እንጨት ይማግዳል» ይላሉ።

የእኔ የሙከራ ስብከት ቀን ደረሰ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሊፈትኑኝ ከፊት ተደርድረዋል፤ ሳልጨርስ ከተቀመጥኩ ሟች አባቴ ይሰብክበት በነበረው ሰገነት ላይ ዳግም አልቆምም። እትዬ ማፑሌንግን በር ላይ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ዛሬን እንኳ ይማሩኝ።»

«ምሕረት ከላይ ነው፣ ሞሃፒ። አንተ ብቻ አታንዛዛ።»

ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። ጴጥሮስ ከጀልባው ወረደ አልኩ፤ በባሕሩ ላይ ሄደ አልኩ፤ መስጠም ጀመረ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ያለው ድርግም ብሎ ጠፋኝ። ላብ አጠመቀኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ ጸጥታ መሃል ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ፤ አለቀልኝ።

«እጅህን ዘርጋልኝ፣ ጌታዬ…»

ሕዝቡ ተቀበለ። ልቀመጥ ዞር ስል እትዬ ማፑሌንግ ዓይናቸውን አፍጥጠው ራሳቸውን ነቀነቁብኝ። ያንኑ ስንኝ ደገሙት፤ ሌላው ወደሚቀጥለው ሊያልፍ ሲል እሳቸው መልሰው ደገሙት፤ እኔን እኔን እያዩ። እጅህን ዘርጋልኝ። ለካ ጌታ ለጴጥሮስ እጁን ነበር የዘረጋለት! መዝሙሩ ሲያበቃ ከዚያ ቀጠልኩና እስከ አሜን ደረስኩ።

ስንወጣ ብርድ ልብሳቸውን እንደ ጋቢ እያጣፉ አገኘኋቸው።

«እትዬ፣ ባይዘምሩልኝ ኖሮ ጉድ ሆኜ ነበር።»

«ማን ዘመረልህ? ረዝሞብኝ ነው!»

«ገና መጀመሬ ነበር እኮ!»

«እሱም ረዝሟል።»

ዛሬም በሰበክሁ ቁጥር ጉሮሯቸውን እፈራለሁ። ባለፈው እሑድ ግን ታመው ቀሩ። ማንም የማያቋርጠኝ ቀን መጣልኝ ብዬ ሰገነቱ ላይ ወጣሁ፤ ሁለተኛውን ወንበር ባዶ ሳየው ግን፣ ቃሉ ቢጠፋኝ ማን መዝሙር ያነሳልኛል ብዬ ከሙከራው ቀን ይበልጥ ፈራሁ።