ለኢንሹራንስ ስንት ትከፍላለህ?

ሦስት ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንዱ የሁለቱን የኢንሹራንስ ዋጋ ያውቃል። በሌላው ዓለም እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ በኦክላንድ ግን ሕግ ነው። ይህ ሰው ሠርግ ላይ ጤንነትህን አይጠይቅህም። ለቅሶ ቤት እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እግዜር ያጥናህ... ለመሆኑ ለመኪናህ ስንት ትከፍላለህ?» ይልሃል።

የእኛዋ ባለሥልጣን ክብርት እትዬ እጅጋየሁ ናቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ከሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሙሉ ጊዜያቸውን ሰውን ከአንዱ ካምፓኒ ወደ ሌላው ለማዛወር ሰጥተዋል። የመኪና፣ የቤት፣ የመብራት፣ የስልክ፤ የማይነኩት የሰው ሃይማኖት ብቻ ነው። ቦርሳቸው ውስጥ የሃያ ሦስት ቤተሰብ የኢንሹራንስ ወረቀት ኮፒ አለ። ቸል ያለ ሰው ባዩ ቁጥር የሚሉት አንድ ነው፦ «አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል! ኮል አድርግ!»

እኔ ደግሞ ኮል የማላደርግ ሰው ነኝ። በማኔጅመንት ዲግሪ አለኝ፤ ሳን ሆዜ አንድ ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ላይ ቀኑን ሙሉ በእንግሊዝኛ ስልክ አነሳለሁ። ለራሴ ጉዳይ መደወል ሲመጣ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። እዚህ አገር በገባሁ ሳምንት መኪናዬን ኢንሹር ካደረገልኝ ካምፓኒ ጋር ዐሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ። ዋጋው በየስድስት ወሩ ሲጨምር ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ። ባለቤቴ ቢሌን ስትነዘንዘኝ፣ «ሎያል ከስተመር ነኝ፤ ይህን ያዩልኛል» እላታለሁ። አዩልኝ። በወር ሁለት መቶ አርባ ዶላር አደረሱልኝ።

ባለፈው ዓመት ሄይዋርድ፣ የጓደኛችን የሰርፀ ልጅ ክርስትና ላይ፣ እትዬ እጅጋየሁ ሳህናቸውን ይዘው መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ።

«አምሐዬ፣ ለመኪና ስንት ትከፍላለህ?»

ጠረጴዛው ዙሪያ ስምንት ሰው አለ። ሁሉም ዲግሪዬን ያውቃሉ፤ ነግሬያቸዋለሁ። አፌ እኔን ሳያማክር፣ «ዘጠና አራት» አለ።

የቢሌን ጉርሻ አፏ አጠገብ ደርሶ ቆመ።

«ዘጠና አራት? ፉል ከቨሬጅ? ሁሉን የሚሸፍነው?»

«ፉል ከቨሬጅ።»

«ለሁለቱም መኪና?»

መመለሻው መንገድ እዚህ ጋ ነበር። አይቼው አለፍኩት። «ለሁለቱም» አልኩ።

እትዬ እጅጋየሁ ሳህናቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ። «ሰማችሁ? የተማረ ሰው እንዲህ ነው! እንዴት አድርገህ ነው ግን?»

«አነጋገር ማወቅ ነው፣ እትዬ» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ።

ከሄይዋርድ ወደ ቤት ስንመለስ ቢሌን ሳን ሊያንድሮን እስክናልፍ ድረስ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ «አሁን እሳቸው ዝም የሚሉ ይመስልሃል?» አለችኝ።

ዝም አላሉም። በሦስተኛው ቀን ስልኬ መጮህ ጀመረ። ከኤል ሴሪቶ አንድ ዲያቆን፣ ከሳኒቬል የማላውቃት ነርስ፣ የነርሷ አጎት፤ ሁሉም «እትዬ እጅጋየሁ ናቸው ቁጥርህን የሰጡኝ» ይላሉ። ለክርስቲያኑ ከፋሲካ በኋላ፣ ለእስላሙ ከረመዳን በኋላ እያልኩ ሁለት ወር ገፋሁ። በዓሉ ሁሉ ሲያልቅብኝ እትዬ ራሳቸው ሐጂ ጃብርን ይዘው ቤቴ መጡ።

ሐጂ ጃብር ቴሌግራፍ መንገድ ላይ ትንሽ ግሮሰሪ ያላቸው ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። አማርኛውን መርካቶ ሲነግዱ ነው የተማሩት፤ ከእኔ የተሻለ ይናገሩታል። በነጭ ቫናቸው ለምግብ ቤቶች ሥጋና ቅመም ያደርሳሉ፤ ለቫኑ የሚከፍሉት ኢንሹራንስ ግን ትርፋቸውን እየበላው ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ወረቀት አላውቅም» አሉኝ። «አንተ ይሁን ካልክ ይሁን።»

እውነቱን ለመናገር ይህ ሁለተኛው ዕድሌ ነበር። እኔ ግን ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። በመቶ ዶላር የሚረክስ ካምፓኒ አገኘሁ፤ ጥያቄዎቹን ቶሎ ቶሎ ሞላሁ፤ መጨረሻ ላይ በትልቁ «ኮንግራጁሌሽንስ!» የሚል ገጽ መጣ። ልቤ ሞቀ። እዚያው ሐጂን አጠገቤ አስቀምጬ ለድሮው ካምፓኒ ደወልኩና ካንስል አስደረግኳቸው። የሚጠበቅባቸው «የስ» ማለት ብቻ ነበር፤ አሉ። እትዬ እጅጋየሁ በኩራት ትከሻዬን መቱኝ። ያን ቀን ጄኔራል ነበርኩ።

ጄኔራልነቴ አምስት ቀን ቆየ። በስድስተኛው ቀን፣ ሥራ ላይ ሆኜ፣ ከአዲሱ ካምፓኒ ኢሜይል መጣ። ቫኑ ዕቃ ማድረሻ ስለሆነ ተጨማሪ ወረቀት ያስፈልጋል፣ እስኪጸድቅ ድረስ ኢንሹራንሱ አልጀመረም ይላል። ኮንግራጁሌሽንስ ያሉኝ ማመልከቻው ስለደረሳቸው ነው። ሐጂ ጃብር አምስት ቀን ሙሉ ያለ ኢንሹራንስ ኦክላንድን ሲዞሩ ከርመዋል። አንድ ሰው ቢገጩ ግሮሰሪያቸው አይተርፍም።

ደወልኩ። «ሐጂ፣ መኪናውን ያቁሙ!»

«ምነው? ሰው ገጨሁ እንዴ?»

«አልገጩም፤ እንዳይገጩ ነው!»

ቫኑ ሥጋ እንደተጫነ መንገድ ዳር ቆመ። ከሥራ አስፈቅጄ ደረስኩ፤ ሥጋውን በራሴ መኪና፣ የሆቴሉን ሱፍ እንደለበስኩ፣ ከምግብ ቤት ምግብ ቤት አመላለስኩ። ሐጂ ከጎኔ ተቀምጠው አንድም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። «አላህ አተረፈን» አሉ ብቻ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ እረፍት ስለነበርኩ ጠዋት ሄይዋርድ፣ እትዬ እጅጋየሁ ቤት ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸውና፣ «ደግሞ ዘጠና አራት አይደለም የምከፍለው» አልኩ። «ሁለት መቶ አርባ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«በዘጠና አራት ዶላር እንኳን ሁለት መኪና ጋሪ ኢንሹር አይደረግም፣ አምሐዬ። ሰው ሲመጣብህ አፍረህ ትማረዋለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንግሊዝኛው ያለህ አንተ ነህ፤ እኔ እያረጀሁ ነው። ሐጂን ግን ቶሎ አመጣሁብህ። ይህ የኔ ጥፋት ነው።»

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው የሐጂን የድሮ ካምፓኒ ደወሉ፤ ሐጂንም በሌላ መስመር አገናኙ። ሃምሳ ደቂቃ ሙዚቃ ሰማን። ልጁ ሲያነሳ ግን እንደ እኔ አልተንተባተቡም። «ማይ ሰን፣ ሊስን» አሉት። ስሙን ጠየቁት፤ የእናቱን ጤንነት ጠየቁት፤ እናቱ ጉልበቷን እንደሚያማት ተረዳን። ቀጥለው፣ አንድ ሞኝ ጎረምሳ አንድን ሽማግሌ እንዳሳሳተ አስረዱት። ሞኙ ጎረምሳ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ልጁ አለቃውን አማከረና ካንስል የተደረገው ተሰርዞ የሐጂ ኢንሹራንስ መሐሉ ሳይቋረጥ ቀጠለ። ስልኩ ሳይቀዘቅዝ የእኔንም አስደወሉኝ፤ አዲስ ካምፓኒ አገኘሁ፣ በወር መቶ ሃምሳ አንድ ዶላር ገባሁ። የድሮውን ካንስል ከማድረጌ በፊት አዲሱ መጀመሩን ሦስት ጊዜ ጠየቅኩ።

ድል ራሴ ላይ ወጣ። ጠረጴዛቸው ላይ የመብራት ቢል አየሁና አነበብኩት፤ አላመንኩም። አገሩን ሁሉ ወደ ርካሽ ፕላን ያዛወሩት ሴትዮ፣ ራሳቸው ያሉት በጣም ውዱ ላይ ነው!

«እትዬ! ስዊች ቢያደርጉ እኮ በወር ሠላሳ ዶላር ይቀርልዎታል!»

«ተወው፣ ይቅር።»

እኔ ግን አሁን ደዋይ ነኝ። ወዲያው ደወልኩ። አንድ ጨዋ ልጅ አነሳ፤ የቢሉን ቁጥር ሰጠሁት። «አካውንቱ በአቶ ተስፋጽዮን ስም ነው» አለኝ። «እሳቸውን ማነጋገር እችላለሁ?»

ጋሽ ተስፋጽዮን የእትዬ እጅጋየሁ ባለቤት ነበሩ። ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ።

ዞር ብዬ አየኋቸው። እትዬ የቢሉን ፖስታ ስሙ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው በመዳፋቸው ያስተካክሉታል።

«ሞቷል ካልናቸው ስሙን ያወጡታል» አሉኝ ቀስ ብለው። «በስሙ የሚመጣ ፖስታ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።»

«ሰር? አሉ?» ይላል ልጁ።

«አሁን እቤት የሉም» አልኩት። «ሲመለሱ ይደውላሉ።»

ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ወር በገባ ቁጥር እሄድና ቢሉን በስልኬ እከፍልላቸዋለሁ። እሳቸው አጠገቤ ተቀምጠው አጉል ነገር እንዳልጫን ይቆጣጠሩኛል፤ እኔም «ፔፐርለስ» የሚለውን፣ ፖስታውን አስቀርቶ ቢሉን በኢሜይል የሚያደርገውን ሳጥን ጣቴ እንዳይነካው እጠነቀቃለሁ።